ወንፈል በቴሌግራም

ሰኔ 4

ሥራ አጥነቴ ዛሬ በይፋ አበቃ። ጠዋት ሥራ አጥ ሆኜ ከቤት ወጣሁ፤ ምሳ ሲደርስ «ሥራ ፈጣሪ» ሆኜ ተመለስኩ። በመሃል የሆነው ነገር ቢኖር አሶሳ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ለስላሳ መጠጣቴና ዓይኔን ጨፍኜ የወደፊት ቢሮዬን ማየቴ ነው። ቢሮዬ መጋረጃ አለው።

አሰልጣኙ ኮች ቦዔዝ ይባላል። ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ነው የሚቀረው፤ የክረምታችንን ጭቃ አስቀድሞ ሰምቶ ይሆናል። «ተቀጣሪ ማለት የሌላ ሰው ህልም የሚያርስ በሬ ነው» አለን። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ የአባቴ በሬዎች ትዝ አሉኝና ትንሽ ዘግይቼ አጨበጨብኩ። በዚህ መሃል አስተባባሪዋ የአበል መፈረሚያ ይዛ ገባች። ኮች ቦዔዝ ንግግሩን አቋርጦ ፈረመና ስለ ተቀጣሪዎች ቀጠለ።

ማኔጅመንት ተምሬ ከተመረቅሁ ይኸው ሁለተኛ ክረምቴ ነው። እስካሁን ያስተዳደርኩት የእናቴን ዶሮዎች ብቻ ነው፤ እነሱም አይታዘዙም።

ሰኔ 6

ኢዘዲን መንገድ ላይ አግኝቶኝ በባጃጁ ወደ አምባችን አደረሰኝ። አብሮኝ የተመረቀ ነው፤ አሁን የአጎቱን ባጃጅ ይነዳል። የበርታ ልጅ ስለሆነ አማርኛ ለሱ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ እኔን ሁሌም በወንድ ነው የሚያናግረኝ፤ አራት ዓመት አብረን ስንማር ለምጄዋለሁ።

ማንኩሽ ከተማ ያለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት የሰው ኃይል ባለሙያ ይፈልጋል፣ ሁለት ቦታ አለ፣ አብረን እናመልክት አለኝ። የበሬውን ነገር ነገርኩት።

«ወላሂ፣ በሬው ግን ይበላል» አለ።

ብቻውን አመለከተ። ይኸው ነው፣ አስተሳሰቡ ያልተለወጠ ሰው።

ሰኔ 11

የቤት ሥራው «በአካባቢህ የሚባክን ሀብት ፈልግ» የሚል ነበር። ከኔና ከአንድ ልጅ በቀር ሁሉም ማንጎ ብሎ መጣ። የማንጎ ጭማቂ፣ የማንጎ ማርማላታ፣ የደረቀ ማንጎ፣ አንዷ ደግሞ የማንጎ ሳሙና። ያ አንድ ልጅ ያመጣው አቮካዶ ነው።

እኔ ወንፈል ይዤ ሄድኩ።

ኮች ቦዔዝ ወንፈል ምን እንደሆነ በደንብ ስለማያውቅ ማስረዳት ነበረብኝ። ወላጆቻችን በደርግ ጊዜ ከወሎ ተነስተው እዚህ ሲሰፍሩ ይዘውት የመጡት ነገር ነው። በእርሻና በአረም ጊዜ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ይወጣል። ዛሬ የአንዱ ማሳ ይታረማል፣ ነገ የሌላው። ማንም ለማንም አይከፍልም። ተራውን የሚይዙት ጋሼ ጎሹ ናቸው፤ በጭንቅላታቸው። እስከ ዛሬ ማንም ሰው ተራዬ ተዘለለ ብሎ ሲከስ አልሰማሁም፤ ይህንን ግን ለኮች ቦዔዝ አልነገርኩትም፣ ከነጥቤ ጋር አይሄድም።

«ይሄ ሁሉ የሰው ሰዓት በነፃ ይፈሳል?» አለ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ፕሮጀክቴ «አምባ ሊንክ» ይባላል። የቴሌግራም ቻናል ነው። ሠራተኛ የሚፈልግ ይጽፋል፣ መሥራት የሚፈልግ ይመዘገባል፣ ሥራው በሰዓት ይከፈላል። አገናኟ እኔ፣ ትንሽ ኮሚሽን ለኔ። ኮች ቦዔዝ ብድግ ብሎ አጨበጨበልኝ። የማንጎ ሳሙናዋ ልጅ ፊቷ ጠቆረ።

ሰኔ 17

ለአባቴ ነገርኩት። የሞፈሩን ማሰሪያ እያጠበቀ ሳያቋርጠኝ እስከ መጨረሻ ሰማኝ። ከዚያ «ታዲያ እኔም ልመዝገብ?» አለኝ።

አባቴ አስማማው በአምባችን የሚታወቀው በዚህ ነው። ፊቱን ሳያፈታ ቀልድ ይናገራል፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው አፉን በነጠላ ይዞ እንዲወጣ ያደርጋል። አትቀልድ አባዬ አልኩት። «አልቀለድኩም» አለኝ፣ ልክ እንደሚቀልድ ሰው።

እናቴ ሸዋነሽ ደግሞ «ላም አለኝ በሰማይ» ብላ ቀሪውን ለኔ ተወችው። ከሷ ሙሉ ተረት ለመስማት እንኳ ብቁ አይደለሁም።

ሰኔ 24

እድሩ ሊበተን ሲል ቆሜ ተናገርኩ። በቤት ውስጥ ከመስተዋት ፊት የተለማመድኩትን እጅ ማወናጨፍ ሁሉ ተጠቀምኩበት። «ጉልበታችሁ ሀብት ነው! ሰዓታችሁን አትበትኑ!» ወጣቶቹ ስልካቸውን አውጥተው እዚያው ተመዘገቡ። ከሽማግሌዎቹ ስልክ ያወጣ የለም።

ጋሼ ጎሹ ብቻ «የታመመ ሰው ማሳስ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እሱ ምዕራፍ ሁለት ላይ ይካተታል» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ገብቷቸው መሰለኝ። ኢዘዲን ባጃጁን አስነስቶ ይጠብቀኝ ስለነበር ስብሰባው ሳያልቅ ወጣሁ፤ ኮች ቦዔዝ «ተናግረህ ውጣ፣ እንዲናፍቁህ አድርግ» ብሎናል።

ሐምሌ 2

ሥራ ተገኘ!! ወደ ባምባሲ መንገድ ላይ ያለው የአኩሪ አተር እርሻ ባለቤት ደውሎ አራሚ በጅምላ ጠየቀ። ወጣቶቹን አይሱዙ ጭኖ ወሰዳቸው። ከአይሱዙው ኋላ ቆሜ እጄን አውለበለብኩ።

ማታ አባቴ «የመጀመሪያ ደንበኛሽ ማን ሆነ?» አለኝ። ባለ አኩሪ አተሩ አልኩት።

«እኔ እሆን ብዬ ነበር እኮ» አለ።

ሳቅሁ። እናቴ አልሳቀችም። የሰውየው ቀልድ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰልችቷት ይሆናል።

ሐምሌ 9

አባቴ ከማሳ ሲመለስ ቦዩ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ወገቡ ነው። ጤና ጣቢያ ክረምቱን ጎንበስ ቀና እንዳትል አሉት። «ተቀጣሪ ብሆን ኖሮ የሕመም ፈቃድ እወስድ ነበር» አለኝ።

ይህችኛዋን አልወደድኳትም።

ሐምሌ 15

ቸኩያለሁ። ባጃጅ እየጠበቀኝ ነው። ለቻናሉ ፎቶ መነሳት አለብኝ፣ ኮች ቦዔዝ «ፊትሽ ብራንድሽ ነው» ብሏል። የጎረቤታችንን የእትዬ የሻረግን ነጭ ሹራብ ተውሻለሁ። ማሳችን ሳር ሊውጠው ነው። ቅዳሜ አርማለሁ።

ሐምሌ 18

ቅዳሜ አላረምኩም። ስልጠና ነበር። ርእሱ «ጊዜን መግዛት» ነው።

ሐምሌ 23

ሦስት ቀን ከእናቴ ጋር አረምኩ። ሁለት ሴት ለአንድ ሙሉ የማሽላ ማሳ! ከፊት አርመን ስንጨርስ ከኋላ ይበቅላል። እጄ ውሃ ቋጠረ፤ የብራንዴ ፊትም ፀሐይ በላው።

ወንፈሉ ያለ ወጣቶቹም ቢሆን አልቆመም። ጋሼ ጎሹ፣ እትዬ የሻረግና ሌሎቹ ትላልቅ ሰዎች ዶማቸውን ይዘው በአጥራችን ስር ያልፋሉ። ደህና ዋላችሁ ይሉናል። ደህና ዋላችሁ እንላቸዋለን። ያልፋሉ። ተራችን ባለፈው ሳምንት ነበር፣ ማንም አልመጣም። አባቴ ወገቡን ይዞ ተኝቶ!

ገባኝ። በኔ ቂም ይዘው በአባቴ እየተወጡት ነው። ኮች ቦዔዝ «ስትነሳ የሚጎትትህ መጀመሪያ የጎረቤትህ እጅ ነው» ብሎን ነበር። በሰዓቱ ማጋነን መስሎኝ ነበር።

ማታ ወጥ ስሰጠው አባቴ «እነዚያ የቴሌግራም ሠራተኞች ለኛ የሚደርሱን መቼ ነው?» አለኝ። በሕመሙም ላይ ሆኖ በኔ መቀለዱን አልተወም።

ነሐሴ 3

አሸነፍኩ!

በስልጠናው መዝጊያ ውድድር ከሁሉም አንደኛ ወጣሁ። ማንጎ በጠቅላላ ወደቀ። ኮች ቦዔዝ መድረክ ላይ ሲያስተዋውቀኝ «ባህላዊ የጉልበት ብክነትን ወደ ገበያ ያወጣች ጀግና» አለኝ። ሽልማቱ የምስክር ወረቀትና ከኮች ቦዔዝ ጋር እየዞሩ ልምድ ማካፈል ነው። ቃል በቃል እንደዚያ ነው የተባለው፣ ሽልማቱ ንግግር ነው።

አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ በጀርባው እንደተኛ ወደ ላይ ዘርግቶ አነበበው። ቀስ ብሎ፣ ከላይ እስከ ማኅተሙ። ጋሼ ጎሹ ሊጠይቁት ሲመጡም አሳያቸው። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ፤ ጋሼ ጎሹ «አስማማው፣ እልኸኛነቱ ይብቃህ» ይሉታል። እሱ ደግሞ «ቃሌን አላጥፍም» ይላል። ወጌሻ አልሄድም ማለቱን ነው። እኔም ነግሬዋለሁ፣ አይሰማም።

ነሐሴ 8

ኢዘዲን የማንኩሹን ሥራ አገኘ። ሁለተኛው ቦታ ሰው አልተገኘለትም፣ እስከ ሳምንት ክፍት ነው አለኝ። እንኳን ደስ ያለህ፣ ቀንበሩ እንዳይከብድህ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ስለ ማንኩሽ የቤት ኪራይ ለምን እንዳሰብኩ አላውቅም።

ነሐሴ 13

ባምባሲ። አራተኛ ቀኔ ነው። በቀን ሁለቴ ያንኑ ንግግር እናገራለሁ፤ አሁን የት ላይ ድምፄ መንቀጥቀጥ እንዳለበት አውቄዋለሁ። «አባቴ ገበሬ ነው» የሚለው ጋ ነው።

ዛሬ ከመንገድ ዳር ባለ ማሽላ መሃል ሐምራዊ አበባ ፈክቶ አየን። ኮች ቦዔዝ መኪናውን አስቆመ። «እንዴት ያምራል! የተፈጥሮ ስጦታ እኮ ነው» ብሎ መሃሉ ገብቶ ፎቶ አንሺኝ አለኝ። አነሳሁት። ያ አበባ አቀንጭራ ነው። የማሽላውን ሥር ይዞ ይመጠዋል፤ አብቦ ዘሩን ካራገፈ ደግሞ አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የዚህ አገር ገበሬ ሲያየው እህል አይበላለትም። ለኮች ቦዔዝ አልነገርኩትም። ፎቶውን ለጥፎት ብዙ ልብ ተሰጥቶታል።

የኛ ማሳ ከዚህ ሩቅ አይደለም። አፈሩ ግን ይለያል ብዬ አስባለሁ።

ነሐሴ 14

አፈሩ አይለይም።

ነሐሴ 15

ትናንት እቤት ስደርስ ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ማሳው ግማሹ ሐምራዊ ነው። ማሽላው ቢጫ ሆኖ አንገቱን ደፍቷል። እናቴ እኔ ባምባሲ ስንቀጠቀጥ ብቻዋን ከአንድ ጎን መንቀል ጀምራ ነበር፤ የነቀለችው ክምር ዳር ላይ ተቃጥሏል። ሳታየኝ ዞር ብዬ አለቀስኩ። ይህ ማሳ የዓመት እንጀራችን ነው። ሌላ ማሳ የለንም። አብቧል እንጂ ገና ዘሩን አላራገፈም፤ በዚህ ሳምንት ካልተነቀለ የመጪው ዓመትም አብሮ ይሄዳል።

ቻናሉ ላይ ጻፍኩ። «አስቸኳይ! አራሚ ይፈለጋል!» ማንም የለም። ለአንድ ለአንዱ ደወልኩ። ባለ አኩሪ አተሩ እስከ ጳጉሜ አስፈርሟቸዋል፤ በኔው በኩል፣ እኔው ባረቀቅሁት ውል። እሱ ከሚሰጠው እጥፍ እከፍላለሁ አልኩ፣ ከየት እንደማመጣው ሳላውቅ። አንዱ፣ ሰኔ ላይ መጀመሪያ የተመዘገበው ልጅ፣ «ይቅርታ ትህትና፣ ሰዓቴ ሀብት ነው» ብሎ ጻፈልኝ። የሚስቅ ፊት ጨምሮበታል። በደንብ ነው ያስተማርኩት።

ነሐሴ 16

ኢዘዲን ሳልጠራው መጣ። ማንኩሽ ከመሄዴ በፊት ሦስት ቀን አለኝ አለ። ባጃጁን አጥር ስር አቁሞ፣ ጫማውን አውልቆ፣ «ትህትና፣ ቅጥረኛው መጣልህ። ከየት ልጀምር?» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ነቀለ። ማሳው ግን ለሦስት ሰው አይደለም።

ነሐሴ 17

ዛሬ ጋሼ ጎሹ ቤት ሄድኩ። ልጣላ ነው የሄድኩት።

በረንዳቸው ላይ የዶማ እጀታ ሲጠርቡ አገኘኋቸው። የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት። አባቴ ጎጇችሁን ሲያቆም፣ በሬያችሁ ሲሞት የራሱን ሲያውሳችሁ፣ እትዬ የሻረግ ባሏ የሞተባት ዓመት ማሳዋን ሲያርስላት የት ነበራችሁ አልኳቸው። ጥፋቱ የኔ ከሆነ እኔን ስደቡኝ እንጂ የተኛ ሰው አጥር ስር ዶማ ይዛችሁ ስታልፉ አታፍሩም ወይ አልኳቸው። እጄ በመድረክ እንደለመደው ይወናጨፍ ነበር። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ጨረስሽ?»

«ጨርሻለሁ።»

«አንቺ እድሩ ላይ የተናገርሽ ለታ» አሉኝ፣ «አንቺ ከወጣሽ በኋላ አባትሽ ተነሳና ከወንፈሉ ወጥቻለሁ አለን። "ልጀ ሥራ ጀምራለች። የመጀመሪያ ደንበኛዋ እኔ ነኝ። አባቷ በነፃ እያሳረመ ማን ይከፍላታል?" አለ። ወገቡ ሲጎዳ ተራውን እናስቀድምልህ ብለን ሄድን። "ብትመጡ ልጀን ታሳፍሯታላችሁ" ብሎ መለሰን። ሦስት ጊዜ ሄደናል። ታዲያ ምን እናርግ ልጀ? በግድ አይታረም።»

አፈርኩ። ሌላ የምጽፈው ቃል የለኝም፤ አፈርኩ። ሰውየው ክረምቱን ሙሉ ጣራ እያየ ተኝቶ የኔን ሠራተኞች ይጠብቃል፣ እኔ ቀልድ መስሎኝ ወጥ አቀርብለታለሁ።

ነሐሴ 18

ጠዋት ቁርስ ስሰጠው «ሠራተኞቹስ?» አለኝ። ዛሬ ፊቱን አየሁት። ምንም ቀልድ የለበትም።

«ነገ ይመጣሉ» አልኩት።

«ጎሽ» አለና ሻይውን ጠጣ።

ተመልሼ ጋሼ ጎሹ ዘንድ ሄድኩ። ዛሬ እጄ አልተወናጨፈም። እንዲመጡልኝ ለመንኳቸው። «በወንፈል አንመጣም፤ ቃሉን አላስጥፈውም፣ ያዝንብኛል» አሉኝ። እንግዲያው የድርጅቱ ሠራተኞች ሆናችሁ ኑልኝ አልኳቸው። ሲጠርቡት የነበረውን የዶማ እጀታ አስቀመጡ። ከዚያ «ምዝገባው ምን ይፈልጋል?» አሉኝ።

ሁሉንም ቤት ለቤት እየዞርኩ መዘገብኩ። እትዬ የሻረግ «ሙያ» የሚለው ላይ ምን ልበል ብላ ተጨነቀች። «ልምድ ያላት አራሚ» ብዬ ጻፍኩላት። ደስ አላትና ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ክፍያውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከነገ ወዲያ ጀምሮ የሁሉም ማሳ ላይ እኔ ነኝ የምወጣው። ቤታችን ወንፈል ያልወጣባቸውን ያለፉ ቀኖችም ጨምረው አሰሉብኝ። በምዝገባዬ ላይ የሌለ ዓምድ ነው፤ ጋሼ ጎሹ ግን አይረሱም።

ነሐሴ 19

ገና ጎህ ሲቀድ መጡ። ኢዘዲን አባቴን በባጃጅ እስከ ማሳው ዳር አድርሶ ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ ከሰዓት ወደ ማንኩሽ ይሄዳል።

ጋሼ ጎሹ አባቴ ፊት ቀርበው፣ አርባ ዓመት ገደማ አብረውት የኖሩት ሰውዬ፣ ቀጥ ብለው ቆመው «ከአምባ ሊንክ ነው የተላክነው። ማሳው የቱ ነው?» አሉት።

አባቴ ከላይ እስከ ታች አያቸው። «ከዚች ዋርካ ጀምሮ እስከ ቦዩ» አለ። «ሐምራዊው አንድም እንዳይቀር። ከነሥሩ።»

«እሺ ጌታው» አሉ ጋሼ ጎሹ። ማንም አልሳቀም። እትዬ የሻረግ ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀድማ ገባች።

ሲነቅሉ ዋሉ። ግማሹ ማሽላ ከእንግዲህ አያፈራም፣ እሱ ሄዷል፤ ለዘንድሮ መግዛት አለብን። አቀንጭራው ግን ዘሩን ሳያራግፍ ወጥቶ ተቃጠለ።

እኩለ ቀን ላይ፣ እጄ አፈር እንደሆነ፣ ኮች ቦዔዝ ደወለ። ሰኞ አሶሳ ትልቅ መድረክ አለ፣ አንቺ ነሽ ዋናዋ አለኝ። ሰኞ የእትዬ የሻረግ ማሳ ነው። ሥራ አለኝ አልኩት።

«የራስሽ ነው ወይስ ቅጥር?» አለኝ።

የትኛው እንደሆነ ስለማላውቅ ኔትወርክ የጠፋ መስዬ ዘጋሁት።

ሊመሽ ሲል አባቴ ጠራኝ። ሰዎቹ ቦዩ ላይ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኑን ከነሱ ላይ ሳያነሳ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ጥሩ ሠራተኞች ናቸው። ከየት አገኘሻቸው?»

«ከቴሌግራም።»

«ውድ ናቸው?»

«በጣም ውድ ናቸው አባዬ።»

«እንግዲያው እንዳያመልጡሽ» አለኝ።